ጨው የሚያምራት እህቴና ግፊት የማያውቀው አባቴ

ጤና ይስጥልኝ፣

27 ዓመቴ ነው። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚያው የማስተምር ነኝ። ከእጮኛዬ ጋር አራት ዓመት ቆይተናል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። የምጽፍልዎ ግን በታናሽ እህቴ ነገር ነው።

እህቴ 19 ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጨው ያምራታል። ወጥ ላይ ትጨምራለች ማለቴ አይደለም፤ ጓዳ ገብታ በእጇ እየዘገነች ትልሳለች። ቡና በጨው መጠጣት በእኛ አገር አዲስ ነገር ስላልሆነ መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። እናቴ ግን እናቷን በደም ግፊት ምክንያት በስትሮክ ስላጣች ለእሷ ጨው ማለት መርዝ ነው። ስለዚህ ጨዉን ቁም ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ጀመረች። እህቴ ቶሎ ይደክማታል፣ እግሯን ይጨመድዳታል፣ አንዳንዴ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ለዓመታት ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ስንዞር አንዱ ታይፎይድ፣ ሌላው ደም ማነስ ይለናል፤ ፈተና ፈርታ ነው ያለንም ነበር። ዘንድሮ ክፍል ውስጥ ወድቃ ሆስፒታል ስትገባ ፖታሲየሟ በጣም ወርዶ ተገኘ። ከዚያ አዲስ አበባ የኩላሊት ሐኪም ዘንድ ተላክን። “ጊተልማን ሲንድሮም” የሚባል በዘር የሚወረስ የኩላሊት ችግር ነው፣ ከእናትም ከአባትም ነው የመጣው አሉን።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት አይደለም። አባቴ “በእኔ ዘር ኩላሊት ያመመው የለም፤ እኔ ራሴ በ63 ዓመቴ ግፊቴ እንደ ጎረምሳ ነው” ይላል። እውነቱን ነው፤ ሁለቱ ወንድሞቹ የግፊት መድኃኒት ሲወስዱ እሱ አንድም ቀን ከፍ ብሎበት አያውቅም። እናቴ እንደ ስድብ ቆጥራው ታለቅሳለች። አክስቴ ጸበል ትሂድ ትላለች። ወንድሜ ከስልኩ ላይ አንብቦ አፍሪካውያን ላይ የሚበዛ ኩላሊት የሚጨርስ ዘረ መል አለ ብሎ አስፈራርቶናል።

ባለፈው እሑድ የእጮኛዬ እናት “እህትሽ ኩላሊቷን ነው አሉ፤ የዘር ነው እንዴ?” ብለው ጠየቁኝ። እሳቸውም የግፊት ታካሚ ናቸው። “ኧረ ትንሽ አሟት ነው” ብዬ ዋሸሁ። እጮኛዬም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። የእኔ ግፊት በተለካሁ ቁጥር 90 በ60 ነው። አንዳንዴ ሌሊት ባቴን ይጨመድደኛል፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለማስተምር ይመስለኛል። ለእጮኛዬ ልንገረው? ከሠርጉ በፊት ወይስ በኋላ? ለምወልዳቸው ልጆችስ ምን አወርሳለሁ?

ጨው ያጣላን ነን፣ ከጅማ

*

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔ የሄደው የአማትሽ ጥያቄ ላይ ነበር። በሁለተኛው ግን ወደ መጨረሻው ጣል አድርገሽ ያለፍሻት ነገር ያዘችኝ፤ ሌሊት ባትሽን የሚጨመድድሽ ነገር። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አስቀድሜ ዋሸሁ ስላልሽው ልበል። እሑድ ቀን፣ ምናልባትም ሰው በተሰበሰበበት፣ ድንገት ተጠይቀሽ “ትንሽ አሟት ነው” ብለሽ ማለፍሽን እኔ እንደ ትልቅ ጥፋት አላየውም። የሌላን ሰው ገመና ደጅ ላይ አለማውጣት ነው። የታመመችው እህትሽ ናት፤ የሰውነቷም ወሬ የእሷ ነው። አባትሽ፣ እናትሽ፣ አክስትሽ፣ ወንድምሽና አማትሽ ምን እንዳሉ ነግረሽኛል። እሷ ራሷ ምን እንዳለች ግን ደብዳቤሽ ላይ አጣሁት። ጠይቀሻታል? ለእጮኛሽ ብትነግሪው ምን ይሰማታል? ከሰው ሁሉ በፊት ከእሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብታወሩ ደስ ይለኛል። 19 ዓመት የሞላት ልጅ ስለ ራሷ የምትለው አይጠፋትም።

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ። ኩላሊት ሲባል ሰዉ የሚያስበው እጥበት ነው፤ አማትሽም የፈሩት እሱን ሳይሆን አይቀርም። ጊተልማን ሌላ ነገር ነው። በአብዛኛው ኩላሊትን አያደክምም፣ ወደ እጥበትም አያደርስም። ስሙን ያገኘው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 በሽታውን ከባልደረቦቹ ጋር ለይቶ ከጻፈው አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ያኔ ካያቸው ሕሙማን መካከልም እህትማማቾች ነበሩበት።

ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። በዚያ ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ጨው አለ። ሁሉም በሽንት ቢወጣ ኖሮ ውለን አናድርም ነበር። ስለዚህ ኩላሊት ያወጣውን መልሶ ይለቅማል። የጅማ ልጅ ነሽና ቡና ሲለቀም አይተሻል፤ ቅርንጫፉ ከተለቀመ በኋላ ጎንበስ ብለው ከዛፉ ሥር የወደቀውን የሚቃርሙ አሉ። በኩላሊት ቱቦዎችም መጨረሻ አካባቢ እንዲህ የሚቃርም አንድ ክፍል አለ። እሱን የሚሠራውን ዘረ መል ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ቅጂ እንወርሳለን። በእህትሽ ላይ ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹ ናቸው። ስለዚህ ጨዉ ይፈሳል። ሰውነቷ የቀረውን ጨው ለማዳን ሲታገል ፖታሲየሙን ይከፍላል፣ ማግኒዚየሙም አብሮ ይሄዳል። ድካሙና መጨምደዱ ከዚያ የመጣ ነው። ጓዳ ገብታ ጨው የዘገነችው ሰውነቷ የጎደለውን ስለጠየቀ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እናንተ ስትቆጧት፣ እሷ ትክክለኛውን መድኃኒት ራሷ አግኝታ ስትወስድ ነበር። ይህን ስጽፍ ለእሷ አዘንኩ።

አባትሽስ? “በእኔ ዘር የለም” ማለታቸው አይገርምም። አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው አይታመምም፤ የቀረው ቅጂ ሥራውን ይዞ ይቀጥላል። እናትና አባትሽ ሳያውቁት አንድ አንድ ይዘው ኖረው፣ እህትሽ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። ምናልባት አባትሽን “ዘመድ ሳንሆን እንዴት አንድ ዓይነት ነገር ተገኘብን?” የሚል ጥያቄ እያስቆጣቸው ይሆናል። የግድ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። በዚህ ዘረ መል ላይ እስካሁን ከ400 በላይ የተለያዩ ብልሽቶች ተመዝግበዋል። በብዙ ሕሙማን ላይ የሚገኘውም ከአባት አንድ ዓይነት፣ ከእናት ሌላ ዓይነት ሆኖ ነው። የሰባት ቤት ቆጠራው አልተሳሳተም፤ ወላጆችሽም አላጠፉም።

ደግሞ ያ የሚኮሩበት ግፊታቸው አለ። ከቦስተን ብዙም የማትርቅ ፍራሚንግሃም የምትባል የአሜሪካ ከተማ አለች። እንደ ፈረንጆች በ1948 ተጀምሮ የነዋሪዎቿ ልብና የደም ግፊት በየጊዜው ሲለካ ኖሯል፤ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ የልጆቻቸው። በ2008 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ቤተሰቦች የ3,125 ሰዎችን ዘረ መል መረመሩ። የፈለጉት ሦስት ዘረ መሎችን ነው፤ አንዱ የእህትሽ ሲሆን ሁለቱ ባርተር የሚባለውን ተመሳሳይ የኩላሊት ችግር የሚያመጡ ናቸው። ከ64 ሰው አንዱ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ብልሽት ይዞ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ሕመምተኞች አልነበሩም። የላይኛው የደም ግፊት ቁጥራቸው ግን ከሌላው ሰው በአማካይ በ6 ሚሊሜትር ገደማ ያንስ ነበር፤ 60 ዓመት ሲሞላቸው ልዩነቱ ወደ 9 ይደርሳል። በዚያ ዕድሜ የደም ግፊት በሽታ የያዛቸውም ከሌላው በግማሽ እንኳ አይሆኑም።

ፍራሚንግሃም ጅማ አይደለችም። የአባትሽ ግፊት ዝቅ ያለው በዚህ ብቻ ነው ብዬም አልምልም፤ የሚራመድና የሚሠራ ሰውም ግፊቱ ደህና ይሆናል። ግን ወንድሞቻቸው መድኃኒት ሲውጡ እሳቸው ያመለጡት፣ ያ አልቀበልም ያሉት ነገር ውለታ ውሎላቸው ሊሆን ይችላል። ይህን ብትነግሪያቸው ይስቁ ይሆን? እኔ ብሆን ቡና እየተፈላ፣ እናትሽም በተቀመጡበት ነበር የምነግራቸው። (አባትሽ ከዚህ ተነሥተው “እንግዲያው ጨው አይጎዳኝም” እንዳይሉ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፣ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። እሳቸውንም ይመለከታል።) እናትሽስ ተለክተው ያውቃሉ? እሳቸውም አንድ ቅጂ አላቸው፤ ሆኖም አያትሽ በግፊት ነው የሞቱት። አንድ ቅጂ መያዝ ለግፊት ሙሉ መከላከያ አይደለምና አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ይዘሻቸው ሂጂ።

ወንድምሽ ያነበበው ሌላ ነገር ነው። አፖል 1 በሚባል ዘረ መል ላይ ያሉ ሁለት ለውጦች ናቸው፤ በ2010 የታወቁ፣ በተለይ የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚገኙ። ኢትዮጵያውያን ላይ ሲፈለጉ አልተገኙም ማለት ይቻላል። “አፍሪካዊ” የሚለውን ቃል ስታነቡ የትኛው አፍሪካ ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ አንቺ ባት።

እንደ እህትሽ ከሁለቱም ወገን የተበላሸውን የመውረስ ዕድልሽ ስትወለጂ ከአራት አንድ ነበር። ጊተልማን ደግሞ ሁልጊዜ በልጅነት አይታወቅም፤ አዋቂ ሆኖ፣ አንዳንዴም በሌላ ምክንያት ደሙን ሲሰጥ የሚታወቅበት ሰው ብዙ ነው። ግፊትሽ 90 በ60 ነው፣ ሌሊት ባትሽን ይጨመድድሻል። ምናልባት እንዳልሽው ቆሞ ማስተማሩ ነው። ብዙ ጤነኛ ወጣት ሴቶችም ግፊታቸው እንደዚያው ነው። ግን በግምት የምናልፈው ነገር አይደለም፤ መጀመሪያ በአንድ የደም ምርመራ ይታያል። ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይታይልሽ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውስጥ ሐኪም ዘንድ ቀርበሽ የእህትሽን የሕክምና ወረቀት አሳይና “እህቴ ጊተልማን አለባት፤ እኔም ልታይ” በይ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳትናገሪ “ይደክመኛል” ብቻ ካልሽ፣ እንደ እህትሽ የደም ማነስ ክኒን ተሰጥቶሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። የደም ማነስና የግፊት ማነስ በእኛ አፍ ስለሚቀላቀሉ ስንቱ ሰው ያለ ሕመሙ ታክሟል! ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የምትወስጂ ከሆነም ተናገሪ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እሱም ማግኒዚየም ያወርዳል። ወንድምሽም እንዳንቺው መታየት አለበት። ስልኩን ትቶ አብሮሽ ይሂድ።

ይህን ከሠርጉ በፊት እንድታደርጊው የምፈልገው አማትሽን ለማሳመን አይደለም። ጊተልማን ያለባት ሴት ትወልዳለች፤ ግን በእርግዝና ጊዜ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይበልጥ ስለሚጎድላት ክትትሉ ይጠብቃል። የሚያውቅና የማያውቅ እኩል አይዘጋጅም።

ምርመራሽ ደህና ከሆነ፣ አንድ ቅጂ ተሸካሚ የመሆን ዕድልሽ ከሦስት ሁለት ነው። ሁለት ልጆች ከአራት አይደለም ወይ እንዳትዪ፤ ከአራቱ የታመመችው ስትወጣ ከቀሩት ሦስት ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው። ተሸካሚ መሆን እንደ አባትሽ መሆን ነው። ልጅሽ የሚታመመው እጮኛሽም ተሸካሚ ከሆነና ከሁለታችሁም የተበላሸውን ከወረሰ ብቻ ነው። በአውሮፓውያን ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ያህል ተሸካሚ ነው ተብሎ ይገመታል። በዚያ ቁጥር ብናሰላው፣ ለአንድ ልጅ ከ600 አንድ ይሆናል። አንቺ ራስሽ ሕመሙ ቢገኝብሽ እንኳ ከ200 አንድ። ለእኔ ይህ ሠርግ የሚያስቀር ቁጥር አይደለም፤ ግን የምታገቡት እናንተ ናችሁና እጮኛሽም ቁጥሩን ሰምቶ የራሱን ይበል።

አዎ፣ ንገሪው። ከሠርጉ በፊት። ከእህትሽ ጋር ከተነጋገርሽና የደምሽ ውጤት ከመጣ በኋላ፣ ግን ከእናቱ በፊት። ቅደም ተከተሉ ላይ ግትር ነኝ። ለእናቱ መጀመሪያ ከደረሰ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ይሆንና ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። ለእሱ ስትነግሪው ግን የሁለታችሁ ነው። ረጅም ንግግር አታዘጋጂ። አዌቱ ወንዝ ዳር እየተራመዳችሁም ቢሆን “እህቴ ያለባት ይሄ ነው፣ እኔ ተመርምሬ ውጤቴ ይሄ ነው፣ ለልጆቻችን ያለው ዕድል ይሄ ነው፤ ስለፈራሁ ቆየሁብህ” ማለት ይበቃል። የመጨረሻዋን አትርሻት። ሰው በሚደበቅበት ነገር የሚያዝነው ከነገሩ ይልቅ በመደበቁ ነው። ዝም ካለ ጊዜ ስጪው፤ አንቺም ብዙ ሳምንት ነው የወሰደብሽ። ውጤቱን ሰምቶ ቢሸሽስ የሚለው ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን አራት ዓመት አብረሽው ቆይተሻል። ሰው ሲታመም ምን ዓይነት ሰው ነው? ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለእናቱ እሱ ይንገራቸው፤ ወይም አንድ ላይ ሆናችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላቀብልሽ። እሳቸው የሚወስዱት የግፊት ክኒን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ (በአገራችን በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ነው)፣ ሥራው ያንን ቃርሚያ የሚለቅም የኩላሊት ክፍል መዝጋት ነው። ጨዉ በሽንት ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። የእህትሽ ኩላሊት ያለ ክኒን፣ ከልክ አልፎ የሚሠራው ያንኑ ነው። አማትሽ በየጠዋቱ የሚውጡት ነገርና አባትሽ ይዘውት የተወለዱት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። እንዲህ ተብሎ ሲነገራቸው “የዘር ነው እንዴ?” የሚለው ጥያቄ ድምፁ ይቀየራል ብዬ አምናለሁ። ግን ያ ክኒን በስህተት እንኳ እህትሽ እጅ እንዳይገባ፤ ላዚክስ የሚባለው ሌላው የሚያሸና መድኃኒትም እንደዚያው። ለማንኛውም ሕክምና ስትሄድ ጊተልማን እንዳለባት ቀድማ ትናገር።

አክስትሽ ጸበል ካሉ ትሂድ፣ አልከለክልም። ግን ሐኪሟ ያዘዘላትን ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይዛ ትሂድ፤ ጸበሉንም እስኪያስመልሳት አትጠጣ። ማስመለስና ተቅማጥ ለእሷ ከሌላው ሰው ይበልጥ አደገኛ ናቸው፤ ፖታሲየሙ በሰዓታት ውስጥ ሊወርድና የልብ ምቷን ሊያዛባ ይችላል። ልቧ ከመጠን በላይ ከመታ፣ ራሷን ከሳተች፣ ወይም እግሯን ማንሣት ካቃታት ነገ ሳትሉ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ጾምን ከሐኪሟም ከንስሐ አባቷም ጋር ትነጋገርበት፤ ሕመምተኛ መሆኗን ሲሰሙ የሚያስጨንቋት አይመስለኝም። ሙዝ፣ አቮካዶና ድንች ፖታሲየም አላቸው፣ ጅማ ላይ ደግሞ አይጠፉም። ግን የክኒኑን ቦታ አይተኩም።

እናትሽን አትቆጫቸው። ጨዉን የቆለፉት እናታቸውን የቀበሩ ልጅ ስለሆኑ ነው። ለቤቱ ወጡ እሳቸው እንደሚወዱት ጨው ቀነስ ተደርጎ ይሠራ፤ ትክክል ናቸው፣ ለሌሎቻችሁ የሚበጀው እሱ ነው። እህትሽ ግን የራሷ የጨው ዕቃ ይኑራት። ምን ያህል እንደምትጨምር ሐኪሟ ይንገራት፤ ለእናትሽም ይኸው ሐኪም በራሱ አፍ ቢነግራቸው ከእኔና ካንቺ ይልቅ ይሰሙታል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሻቸው ግቢ።

የምርመራው ውጤት ቀን ይፈልጋል። እጮኛሽን ለማናገርም ልብ ይፈልጋል፤ ጥቂት ቀን ውሰጂ። ለጨዉ ግን ምንም የሚጠበቅ የለም። ዛሬ ማታ ከቁም ሳጥኑ ወጥቶ በእህትሽ በኩል መሶቡ አጠገብ ይቀመጥ።